«ዘገየ» ሳይሆን «አዘገየሁት»፦ ዕቃ ላልደረሰው ደንበኛ ይቅርታ እንዴት ይጠየቃል?

ደብረ ብርሃን ሆኜ የመንዝ ባና በቴሌግራም እሸጣለሁ። ባና ለማታውቁት፣ ከበግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሸመን ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። የኅዳር ውርጭ ሲመጣ ተራ ብርድ ልብስ ብቻውን አያሳድርም። ጠጉሩን የሚያቀርቡት፣ የሚፈትሉትና የሚሸምኑት መሐል ሜዳና ሞላሌ አካባቢ ያሉ ሰዎች ናቸው። የእኔ ሥራ ፎቶ ማንሳት፣ ትእዛዝ መቀበል፣ ማሸግና መላክ ነው። አንዳንዴም ይቅርታ መጠየቅ።

ይቅርታ መጠየቅ የተማርኩት በ2017 ዓ.ም. ገና ሰሞን ነው። ኅዳር አጋማሽ ላይ የአንድ ጥቁርና ነጭ ባና ፎቶ ለጠፍኩ። ፎቶው ከቻናል ቻናል ዞረ። በዘጠኝ ቀን 58 ትእዛዝ ተቀበልኩ። ዋጋው 4,800 ብር፣ ቀብዱ ግማሹ፣ 2,400። ለሁሉም «ከገና በፊት ይደርሳል» አልኩ።

ሸማኔዎቼ ሰባት ናቸው። ፈትል ተዘጋጅቶ ከቀረበለት አንዱ ሸማኔ በሳምንት አንድ ባና ያወጣል። ገና ሊደርስ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ሰባት ጊዜ አምስት ሠላሳ አምስት። የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ግን ቴሌብር «ገባልዎ፣ ገባልዎ» እያለ መልእክት ሲያዘንብ ማን ያሰላል? በዓሉንም ረሳሁት። ኅዳር ጽዮን አለ፣ ታኅሣሥ ገብርኤል አለ። በእነዚህ ቀናት መንዝ ውስጥ መወርወሪያ የሚያነሳ የለም። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእኔ ነው።

ታኅሣሥ 20 ቀን ተቀምጬ ስቆጥር፣ እስከ ገና ልልከው የምችለው 31 ብቻ መሆኑ ገባኝ። 27 ሰው ቀረ። ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ስልኬን ሳይለንት አድርጌ አራት ቀን ተደበቅኩ። በአምስተኛው ቀን ቻናሉ ላይ ይህን ለጠፍኩ፦

«ውድ ደንበኞቻችን፣ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት አንዳንድ ትእዛዞች በመዘግየታቸው ለተፈጠረው መጉላላት ድርጅታችን ይቅርታ ይጠይቃል።»

አንዱ ከሥር ጻፈልኝ፦ «ይሄ መብራት ኃይል ነው ወይስ ባና ቤት?» ሳቄ መጣ፤ ከዚያ አፈርኩ። በማግስቱ ደግሞ አንዲት የአዲስ አበባ እናት ደወሉ። ባናውን ያዘዙት ለባለቤታቸው ነው፤ ወገባቸውን ያማቸዋል። «ልጄ፣ ባናው አይደለም ያናደደኝ» አሉ። «ስልክ አለማንሳትሽ ነው። ሞተሽም ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ።»

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ነው እዚህ የምጽፈው። ጫማ ለምትሸጡም፣ በርበሬ ለምትልኩም፣ ልብስ ከውጭ ለምታስመጡም ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

መጀመሪያ ደብተር፣ ቀጥሎ ብር

ይቅርታው ከመጻፉ በፊት ደብተር ይከፈታል። ላልደረሰው ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር ስጡ፦ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ምን እንዳዘዘ፣ ስንት እንደከፈለ፣ ለምን ቀን ቃል እንደገባችሁ። «ለምን ፈለገው?» የምትል አምድም ጨምሩ። የድሮ መልእክቶችን ወደ ላይ እየጎተታችሁ ስታነቡ ታገኙታላችሁ። አንዷ ለአማቷ ስጦታ ነው ብላ ጽፋልኛለች። አንዱ ታኅሣሥ 27 ወደ ውጭ ይበራል። ለእሱ «ጥር ላይ ይደርሳል» ማለት ስድብ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ከሁሉም በፊት ነው የምትደውሉለት።

ደብተሩ ከወረቀት ይሁን ስል ምክንያት አለኝ። በ2016 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ የደንበኞቼ አድራሻ በሙሉ ቴሌግራም ውስጥ ተቆልፎ ቀረ። ስልክ ይሠራል፣ ቁጥራቸው ግን የለኝም። ሰው ብሩን በላች አለ፤ ቢልም አይፈረድበትም። ኢንተርኔቱን እኔ አልዘጋሁትም። ቁጥር ያልያዝኩት ግን እኔ ነኝ።

ቀጥሎ ብር። ይህን ሰው ሁሉ ይዘለዋል። «ከፈለጉ ብርዎን እመልሳለሁ» ከማለታችሁ በፊት ብሩ እጃችሁ ላይ መኖር አለበት። የእኔ አልነበረም፤ ቀብዱን ፈትል ገዝቼበት አልቋል። «እመልሳለሁ» ብዬ ደግሞ መመለሱን ባዘገይ ኖሮ ሁለተኛ ጥፋት ይሆን ነበር፤ ሁለተኛውን ማንም አይምርም። የእቁባችን ዳኛ ዘንድ ሄድኩ፤ የዚያን ሳምንት ዕጣ ከወጣላት ሴት ጋር ተራ ተለዋወጥን። ቀላል አልነበረም። ጥጋበኛ ነጋዴ መስዬ ቡና ስጋብዛት የኖርኩትን ሴት ነው የለመንኳት።

አንዲት «አ»

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። አማርኛ ጥፋትን ለመደበቅ በጣም ይመቻል። «ዕቃው ዘገየ» ስል ዕቃው ራሱ ጣርማበር ላይ ወርዶ ሻይ ሲጠጣ የቆየ ይመስላል። «ጠፋ» ስል በእግሩ ሄደ። «ስህተት ተፈጠረ» ስል ደግሞ ነገሩን ወደ ፈጣሪ አስጠጋሁት። ለጥፌው የነበረውን መልእክት መልሳችሁ አንብቡት። መዘግየት አለ፣ መጉላላት አለ፣ ምክንያት አለ። ሰው የለበትም።

መድኃኒቱ አንዲት «አ» ናት። ዘገየ፣ አዘገየሁ። ተበላሸ፣ አበላሸሁ። ተጉላሉ፣ አጉላላኋችሁ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ግሡን በሙሉ አስምሩበትና ጠይቁ፦ ይህን ያደረገው ማን ነው? መልሱ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ከሌለ እንደገና ጻፉት። መጀመሪያ ላይ አፍ ያስይዛል። እኔ «አዘገየሁት» የምትለዋን ስጽፍ ጆሮዬ ሞቆ ነበር።

«ድርጅታችን» የሚለውንም ተዉት። ድርጅቱ እኔ ነኝ፤ እኔና አንድ ደብተር። ሁለት ሦስት ሠራተኛ ካላችሁም ይቅርታ ጠያቂው አንድ ሰው ይሁን፤ ስሙም ይጻፍ። «ውዴ»፣ «ማሬ»፣ «የኔ ቆንጆ» የሚባለው የገበያ ቋንቋም ለዚህ ቀን አይሆንም። ባና ሲሸጥ ውዴ ብያችሁ ሊሆን ይችላል። ብራችሁን ይዤ ውዴ ስላችሁ ግን ያቅለሸልሻል። ዕድሜውን ለማታውቁት ሰው «እርስዎ» በሉ። ወጣት ከሆነ «አንቺ በይኝ» ይላችኋል፤ ያኔ ዝቅ በሉ።

አያቴ ብትሆን «አፉ በሉኝ» ትል ነበር። ዛሬ ብንጽፈው ሰው ይስቃል። ግን የድሮው ቃል ደስ የሚለኝ ከሌላው ሰው መልስ ስለሚጠብቅ ነው። «ይቅርታ እንጠይቃለን» ብሎ ፊትን ማዞር አይቻልም፤ ቆሞ መጠበቅ አለ።

እኔ በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ሰው የላክሁት ይህን ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ኅዳር 19 ቀን አንድ ጥቁር ባና አዘው 2,400 ብር ከፍለውኛል። ከገና በፊት አደርሳለሁ ብዬ ነበር፤ አላደርስም። ሸማኔዎቼ ከሚችሉት በላይ ትእዛዝ ተቀብያለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። አራት ቀንም ስልክ ሳላነሳ አስጨንቄዎታለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ብርዎን ከፈለጉ ዛሬውኑ እመልሳለሁ። ከጠበቁኝ እስከ ጥር 30 አደርሳለሁ፤ የመላኪያውን እኔ እችላለሁ። ዛሬ ከ10 ሰዓት በኋላ ደውዬ ምርጫዎን እሰማለሁ።»

ቀኑና ዕቃው ከየሰው መስመር ይቀየራል። ይህ አሰልቺ ነው፤ 27 ጊዜ መጻፍ ነው። ግን ሰው የራሱን ትእዛዝ ስም ተጠርቶ ሲያይ ለጅምላ የተበተነ ወረቀት እንዳልሆነ ያውቃል። «አላደርስም» የሚለው ቃል ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ መምጣቱን ልብ በሉ። መጥፎውን ዜና በማር ለውሳችሁ መጨረሻ ላይ አታስቀምጡ።

ስልኩ

ጽሑፉ በር ማንኳኳት ነው። ይቅርታው የሚጠየቀው በስልክ ነው፤ ቢያንስ እኛ አገር። በተለይ ትልልቅ ሰዎችን በጽሑፍ ብቻ ይቅርታ መጠየቅ ከአጥር ውጭ ቆሞ መጮህ ነው። የድምፅ መልእክትም አልወደውም። ሰው መልስ ሳይሰጣችሁ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ታስሮ ይሰማችኋል።

ሰላምታው አንድ ዙር ይበቃል። ከልጅ እስከ ከብት ጠይቃችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ መርዶ ከመጣ ሰው ይደነግጣል። ስማችሁን ተናገሩ፣ የላካችሁትን ጽሑፍ በአጭሩ ድገሙት፣ ከዚያ ዝም በሉ።

አሁን የምናገረው ከባድ ነው። የራሳችሁን ችግር አትናገሩ። «አሞኝ ነበር»፣ «ልቅሶ ነበረብኝ»፣ «ልጄ ሆስፒታል ገብቶ» አትበሉ። እውነት ቢሆንም። ሐበሻ ይህን ሲሰማ አፉ በራሱ ጊዜ «እግዜር ይማርሽ» ይላል። መናደድ መብቱ ነበር፤ እናንተ ግን አስታማሚ አደረጋችሁት። ስልኩን ሲዘጋ ንዴቱ ሆዱ ውስጥ ነው፤ ለጎረቤቱ ያወራዋል እንጂ ለእናንተ አይነግራችሁም። እኔ ራሴ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሰዎች እንደዚህ ነው ያበላሸኋቸው። ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ ድምፄን ትንሽ ደከም አደረግኩት። ሦስቱም አጽናኑኝ። ሦስቱም እስከ ዛሬ አላዘዙም።

በገብርኤልም በማርያምም አትማሉ። መሐላ የሚያስፈልገው ቃሉ የማይታመን ሰው ነው።

ሌላው የእኛ ሰው ጠባይ «ችግር የለም» ማለት ነው። ይህን ሰምታችሁ «ተመስገን» ብላችሁ እንዳትዘጉ። «ችግር የለም» ብዙ ጊዜ «ካንቺ ጋር ምን አከራከረኝ» ማለት ነው። መልሳችሁ ጠይቁ፦ «ብሩን ልላክልዎ ወይስ ይጠብቁኛል?» ሁለት በር ብቻ ስጡ፤ ሁለቱም ክፍት ይሁኑ። አንድ መምህር ሦስት ጊዜ «ችግር የለም» ካሉኝ በኋላ ለአራተኛ ጊዜ ስጠይቅ «እሺ፣ ብሩን ላኪልኝ» አሉ። ድምፃቸው ያኔ ነው የቀለለው።

የሚጮህባችሁም ይኖራል። ይጩህ። ማንም ሰው ሳይቋረጥ ብዙ መጮህ አይችልም፤ እስኪደክመው ነው። «ግን እኮ» የምትለዋን ቃል ብቻ ዋጡ።

27ቱን ሰው ሁለት ቀን ደወልኩ። ዘጠኙ ብራቸውን ፈለጉ። አሥራ አምስቱ እንጠብቃለን አሉ። ሦስቱ አላነሱም፤ የእነሱንም መለስኩ። በድምሩ 28,800 ብር። የማስተላለፊያውን ክፍያ ከእነሱ ላይ አልቆረጥኩም። ከአሥር ብር በታች ለሆነ ነገር ሰው ያስታውሳችኋል፣ በመጥፎ።

ካሳና ምርቃት ይለያያሉ

ብዙ ቻናል «ለይቅርታ በሚቀጥለው ግዢዎ 10 በመቶ ቅናሽ» ሲል አያለሁ። እኔ በግሌ ይህን ነገር አልወደውም። ያስከፋሁትን ሰው ካሳ ለማግኘት እንደገና 4,320 ብር አምጣ እያልኩት ነው። በገበያ ምርቃት የሚባል ነገር አለ። ሽንኩርት ስትገዙ ሁለት ራስ ይጨመራል። ምርቃት ግን ሚዛኑ ከሞላ በኋላ የሚመጣ ነው። ሚዛኑ ሳይሞላ የሚጨመር ነገር ማባበያ ነው። መጀመሪያ ጉድለቱን ሙሉ። ከዚያ ካሳው የደረሰውን ጉዳት የሚመስል ይሁን። እኔ ያጠፋሁባቸው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ መላኪያውን ችዬ እስከ ቤታቸው አደረስኩ፤ መናኸሪያ ድረስ ሄደው እንዳይቆሙ። ስጦታው አማቷ ዘንድ በሰዓቱ ላልደረሰላት ሴት ደግሞ ራሴ የራሴን ባና አጥቤ በገና ዋዜማ በውሰት ላክሁላት። ይህን ለሁሉም አድርጉ አልልም። አንድ ባና ነው ያለኝ።

በነገራችን ላይ የተበላሸ ዕቃ ልካችሁ ከሆነ ነገሩ የደግነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ጥቅስ ከቻናላችሁ ላይ አውርዱት።

ጥፋቱ የሌላ ሰው ሲሆንስ?

አንድ ክረምት ለሐዋሳ ደንበኛ የላክሁትን ባና የሚኒባስ ረዳት ፖርቶመጋላ ላይ ጫነው። ውስጥ አስገባው ብዬው ነበር። ዝናብ ሲወርድበት ውሎ ደረሰ። እርጥብ ሱፍ ሸትቷችሁ ያውቃል? በጉ ራሱ ቤት ገብቶ የተኛ ነው የሚመስለው። ደንበኛዬ ፎቶ ላከችልኝ፤ ሽታውን በፎቶ መላክ ስላልቻለች በቃላት ገለጸችው።

«ረዳቱ ነው» ማለት ይቻል ነበር፤ እውነትም ነው። ግን እሷ ብር የሰጠችው ለእኔ ነው፤ ረዳቱን አታውቀውም። ደግሞ ባናውን ማዳበሪያ ውስጥ ብቻ ከትቼ ላስቲክ ያላለበስኩት እኔ ነኝ። የሆነውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መንገር ተገቢ ነው፤ ሰው ምን እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። ከዚያ ወዲያ ያለው በሙሉ የእናንተ ይሁን፦ «መኪናው አናት ላይ ተጭኖ ዝናብ መታው። ላስቲክ አላለበስኩትም። ሌላ ዛሬ ይወጣል፤ ይህን በተመለሰው መኪና ይላኩልኝ፤ ሒሳቡ በእኔ።» ከረዳቱ ጋር የነበረኝን ጉዳይ ለብቻዬ ጨረስኩት። እዚያ ላይ ያልኩት አይጻፍም።

ቻናሉ ላይ

ለየሰዉ ደውላችሁ ስትጨርሱ አንድ መልእክት ቻናሉ ላይ ለጥፋችሁ ከላይ ሰኩት። ከመደወሉ በፊት አይሆንም፤ ሰው የራሱን ጉዳይ ከቻናል መስማት የለበትም። ቁጥሩን ግልጽ አድርጉ። «አንዳንድ ትእዛዞች» አትበሉ፤ «58 ትእዛዝ ተቀብዬ 27ቱን ለገና አላደረስኩም» በሉ። የተቆጡትን አስተያየቶች አታጥፉ። ስታጠፉት ሰውየው ቀድሞ ስክሪንሾት አንስቶታል።

አዲስ ቀን ስትሰጡ «በቅርቡ»፣ «ሰሞኑን»፣ «ከበዓል በኋላ» አይሠራም። ከበዓል በኋላ ሌላ በዓል አለ። ቀን ቁረጡ፣ ከቆረጣችሁት ላይ ደግሞ ሳምንት ጨምሩ። እኔ እንደ አሰላሌ ጥር 20 አካባቢ ያልቅ ነበር፤ ጥምቀት መሐል መግባቱን አስቤ ጥር 30 አልኩ። የመጨረሻው ባና ጥር 23 ደረሰ።

የቀረውን ሳትጨርሱ አዲስ ትእዛዝ አትቀበሉ። አንድ እግር ይቅርታ ላይ፣ አንድ እግር ሽያጭ ላይ ሆኖ አይሆንም። እኔ ትእዛዙን ዘግቼ መሐል ሜዳ ወጣሁ፤ ሸማኔዎቹንም አጣድፌያቸው ስለነበር። አንዱ ትልቅ ሰው ፈትሉን እያዩ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ልጄ፣ ጠጉሩ እኮ የሚበቅለው በግ ላይ ነው፤ ስልክሽ ላይ አይደለም» አሉኝ። አሁን ቻናሌ ላይ በየወሩ መጀመሪያ «የዚህ ወር 24 ብቻ» ብዬ እጽፋለሁ። በዓል የበዛበት ወር ከሆነ 20።

ዕቃው ከደረሰ በኋላ አንዴ ብቻ ደውሉ። ደርሷል? ልክ ነው? ደስ ብሎዎታል? «ፎቶ ላኩልኝ»፣ «ለጓደኛ ሼር ያድርጉልኝ» የሚለውን ለሌላ ቀን አቆዩት። «በሰላም ይዋሉ» ብላችሁ ስልኩን ዝጉ።